በመዝገብ የሰፈረው ባሕታዊ

አቶ ዘውገ እንደ ወትሮው በማለዳ የመስታወቱን ሰማይ አቧራ ወለወሉ፤ ሁለት ደመና ኮረብታው ላይ አቆሙና ሐይቁ ላይ የረገፈውን ቅጠል ለቀሙ። የምድር ቅርሶች በጠፈር ለሚጓዙት መርከብ-ከተሞች በዕጣ ሲከፋፈሉ ለጉና መርከብ የደረሳት ይህ ጥንታዊ የእንግሊዝ የአትክልት ስፍራ ነበር። ተፈጥሮ እንዲመስል ሐይቁን የቆፈረው ሰው ነው፤ ኮረብታውን የከመረውም ሰው ነው። የጥንት ባለጸጎች ጥጋባቸው ልክ አልነበረውም፤ ፍርስራሽ እንኳ በአዲስ ድንጋይ ያሠሩ ነበር።

ዛሬ ግን የአትክልተኛው ልብ ሥራው ላይ አልነበረም። ልጃቸው ስንዱ ዘቢዳር በምትባለው መርከብ ላይ ወልዳለች። ዘቢዳር ስድስት ሰዓት ላይ መንገዷን ትቀይራለች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ መርከቦች ለሃያ ዓመት አይገናኙም። አቶ ዘውገ ደግሞ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የልጅ ልጃቸውን ዛሬ ካላዩ መቼም አያዩም።

ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከአትክልቱ መውጫ በር ደረሱ። በሩ አልተከፈተም።

«ቅርስ ከቅጥሩ አይወጣም» አለ ዐቃቢው። ዐቃቢ የሚሉት እያንዳንዱን ቅጠል ከጥንቱ መዝገብ ጋር የሚያመሳክረውን ማሽን ነው።

«የምን ቅርስ? ቦርሳዬን ፈትሽ!»

«ቅርሱ እርስዎ ነዎት።»

የቅርስ ኃላፊዋን እልፍነሽን ጠሩ። ከበሩ ማዶ መጥታ መዝገቡን ከፍታ ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። በጥንቱ ዘመን የአትክልቱ ጌታ ጺማም ባሕታዊ ቀጥሮ ድንጋይ ጎጆ ውስጥ ያኖር ነበር፤ እንግዶች አይተውት እንዲያዝኑ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቆጠራው «ባሕታዊ ጎደለ» ብሎ አልዘጋ ሲላቸው፣ አቶ ዘውገ ጺማቸውን እያሻሹ «እኔን ጻፊኝና እንገላገል» ብለዋት ነበር። እሷም እየሳቀች ጻፈቻቸው። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይባል የለ!

«ጋሼ፣ ጨዋታ መስሎኝ እኮ ነው» አለች እልፍነሽ። «ለመሰረዝ የሰባቱም መርከቦች ድምፅ ያስፈልጋል። ቢፈጥን ሁለት ወር።»

«የቀረችኝ ሃያ ደቂቃ ናት፣ እልፌ።»

በሩን ከውጭ በኩል በትከሻዋ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። አለቆቹን ልለምን ብላ ሮጠች።

አቶ ዘውገ ተመልሰው የባሕታዊው ድንጋይ ጎጆ ደጃፍ ተቀመጡ። በመስታወቱ ጣሪያ በኩል ዘቢዳር ቀስ ብላ ዞራ ስትርቅ አዩዋት። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ከራሳቸው በላይ ባለው ድልድይ የዕለቱ ጎብኚዎች መጡ።

«ባሕታዊው ሐዘን ምን እንደሆነ እንዳንረሳ የተቀመጠ ነው» ሲል ዐቃቢው አስረዳ።

ጎብኚዎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩዋቸው። አንዲት ሴት ዐይኗን ጠረገች።

«ለካ ማዘን አልረሳንም!» አለች ለባሏ፣ ደስ ብሏት።

ከዚያም ተያይዘው ወደ ሐይቁ አለፉ። ሽማግሌውን ምን ሆኑ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።