ለእልልታ የታረሰ ማሳ

ዳምጤ ደክሞታል። ከፋሲካ ወዲህ የፊታውራሪ ወልደ ማርያምን ትራክተር ይዞ ከሁሩሙ እስከ ቡሬ ያላረሰው ማሳ የለም፤ ወገቡ ተቆርጧል፣ ዓይኑ በአቧራ ቀልቷል። በዚያ ላይ የአካባቢው ሰው ትራክተርን የሚያየው እንደ ጉግስ ፈረስ ነበር። ፈጥኖ ላረሰ እልል ይባላል፤ በዝግታ የታረሰለት ባለ ማሳ ግን የመንደር መሳቂያ ይሆናል። ጉድ እኮ ነው!

የመጨረሻው ተራ የዲሪቤ ነበር። ዲሪቤ ባሏ የሞተባት፣ በሬዎቿም በበሽታ ያለቁባት ሴት ናት፤ የዓመት ቀለቧ ያቺው ማሳ ናት። በጋውን ሙሉ የመንደሩ ከብት ሲረግጣት ስለከረመ መሬቷ ደርቃ ድንጋይ ሆናለች። ዳምጤ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ሲሠለጥን ተነግሮታል። ጠንካራ መሬት ላይ ማርሽ ቀንሰው ቀስ ካላሉ ማረሻው ሽቅብ እየወጣ ላይ ላዩን ይቧጭራል። ለስላሳና እርጥብ ቦታ ላይ ደግሞ ያለ ልክ ይሰምጣል። ስለዚህ ነጂው እየወረደ ጥልቀቱን ማየት አለበት።

«ልጄ፣ እባክህ ቀስ በልልኝ፤ መሬቱ ክፉ ነው» አለችው ዲሪቤ።

የባሏ ወንድም ጅራታ ግን ከዳር ሆኖ ጮኸ። «ምን ቀስ ይላል? ንዳው እንጂ ወንድሜ! የጎረቤታችንን የነገራን ማሳ እንዳበረርከው አብርረው! እኛ ከማን እናንሳለን?»

«አያስቡ እትዬ፣ ማሽን ነው» አለ ዳምጤ። መውረዱ ታክቶት ነበር። ነዳው። እልልታው ቀለጠ፤ ማሳውም ላዩ ተገልብጦ ሲያዩት አማረ።

በነሐሴ በዚያ ሲያልፍ በቆሎው ሥሩ መግቢያ አጥቶ ነፋስ አጋድሞት አገኘው። አንዱን አገዳ ቢስበው ሳይታገል ተነቀለለት። አገዳውን እንደያዘ ወደ ዲሪቤ ደጅ ሄደ።

«አጥፍቻለሁ፣ እትዬ።»

«ደክሞህ ነበር፤ አይቼሃለሁ» አለች ዲሪቤ። «ልጄን ዓያንቱን ግን መቱ ከተማ ሰደድኳት፤ ሰው ቤት ታገለግላለች። እዚህ ምን ላብላት?»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በተከታዩ ዓመት ዳምጤ ያንኑ ማሳ እያዘገመ አረሰ። እየወረደ ክንዱን አፈሩ ውስጥ ሰድዶ ጥልቀቱን ለካ፤ ረግረጋማው ጥግ ሲደርስ ማረሻውን ከፍ አደረገ። ጅራታ ሳቀበት፤ ማንም እልል አላለለትም።

በቆሎው ጎተራ ሞላ። ዲሪቤ ልጇን ልታመጣ መቱ ሄዳ ከደጅ «ዓያንቱ!» ብላ ስትጣራ፣ ልጅቷ «አቤት፣ እትዬ!» እያለች ደንግጣ ሮጠች። የእናቷን ድምፅ አልለየችውም።

ወገኖቼ፣ ትራክተር የምትነዱም የምታስነዱም፣ መሬቱን ሳታዩ አትፍጠኑ። ዳር ቆሞ እልል የሚልላችሁ ሰው ልጃችሁን ከሰው ቤት አያወጣላችሁም።