የኋላ ግራው እግር

ይህ የምተርክላችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ ጢሜ በአንድ ጎኑ ይርገፍ፤ በቀረው ግማሽ ጢም ሠርግ ቤት ልታይ። ሌላው ሰው ሲያወራ ይቀባባል፣ ያጋንናል። እኔ በተፈጥሮዬ ቁጥብ ነኝ። እንዲያውም ለማመን እንዳይከብዳችሁ ብዬ ግማሹን ትቼዋለሁ።

ባለታሪኩ የእህቴ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንግድ ሥራ ያስተምራል። ስለ መልኩ አልናገርም፤ ወደ እናቱ ወገን ስለሚያደላ ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል። ብቻ በመንገድ ሲያልፍ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም መኪና አይንቀሳቀስም ነበር። አንድ ጉድለት አለበት፤ ዓይን አፋር ነው። ሴት ልጅ «ደህና ዋልክ?» ካለችው መልሱ የሚመጣለት በማግስቱ ነው።

ተማሪዎቹ የልምምድ ድርጅት ነበራቸው። የልምምድ ድርጅት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ሥራ አስኪያጅ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ የመጋዘን ኃላፊ አለ፤ መጋዘኑ ግን የለም። የእሱ ተማሪዎች ወንበር አምራች ነን ይላሉ፤ ደንበኛቸው ባሕር ማዶ ያለ አጋር ትምህርት ቤት ነው። የማዶዎቹ ልጆች ደግሞ የሆቴል ባለቤት ነን ይላሉ። እንግዲህ የሌለ ወንበር፣ ለሌለ ሆቴል፣ በሌለ ገንዘብ ይሸጣል። ልጆቹ ደብዳቤ መጻፍ፣ ዋጋ መከራከር፣ ውል ማክበር ይማሩበታል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ እውነተኛ ዕቃ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው አይሻገርም። ከተሻገረ ሽርክናው ይፈርሳል።

ረቡዕ ረቡዕ ሁለቱ ክፍሎች በስክሪን ይገናኛሉ። «ወንበሩ ደረሰ?» «ደረሰ፣ እናመሰግናለን።» «ክፍያው ደረሰ?» «ደረሰ፣ እግዜር ይስጥልን።» የሌለ ዕቃ ምን እንከን ይኖረዋል? ሁሉም በሰላም ይለያያል።

አንድ ረቡዕ ግን የማዶው ትምህርት ቤት አዲስ መምህርት ብቅ አለች። ቁንጅናዋን ብነግራችሁ ስክሪኑ ጋለ፤ ከኋላው ጭስ ወጣ፤ ጥገና ክፍል ተጠራ። ልጅቷ ፈገግ ሳትል እንዲህ አለች።

«ጤና ይስጥልኝ። ቅሬታ አለኝ።»

«ቅሬታ? በምን ላይ?» አለ የእህቴ ልጅ።

«ከላካችሁልን ወንበሮች አንዱ ይነቃነቃል።»

«እ... ይቅርታ፣ ወንበሩ እኮ የለም።»

«የለም? ታዲያ የከፈልነው ለምኑ ነው?»

«ገንዘቡም እኮ የለም።»

«እሱን ከባንካችሁ ጋር ተነጋገሩ። እኛ በቀኑ ከፍለናል።»

ሁለቱም ክፍል በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ተማሪዎቹ ቅሬታ ማስተናገድን እንዲማሩ እንደፈለገች ገባው። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሴት ልጅ ወዲያው መለሰ።

«የትኛው እግሩ ነው?»

«የኋላ ግራው። በመስኮቱ በኩል ያለው።»

«መስኮት አላችሁ?»

«ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል መስኮት ሊያጣ ነው እንዴ?»

«ምናልባት ወለሉ ይሆናል የተዛባው።»

«ወለላችንን አይንኩብን! እብነ በረድ ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹ «ቅሬታ ክፍል» ብለው ሰየሟት። ስሙን ሰምታ ሳቀች፤ ሳቋ በኮምፒውተሩ ድምፅ ማውጫ ወጥቶ፣ በኮሪደሩ አልፎ፣ ርእሰ መምህሩን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው።

በሚቀጥለው ረቡዕ እሱ ነበር ጀማሪው።

«ያ ወንበር... ደንበኛ ጣለ?»

«ደንበኛው እንኳ ተርፏል። ሾርባው ነው የፈሰሰው።»

«ማን ላይ?»

«እኔ ላይ።»

«ተቃጠልሽ እንዴ?»

«ተቃጠሉ?» ማለት ሲገባው «ተቃጠልሽ?» ብሏል፤ ያውም ከመቀመጫው ተነስቶ። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ። እሷም እጅጌዋን ጎተት አድርጋ፣ እውነት ቁስል ያለበት ይመስል ክንዷን ሸፈነች።

«ትንሽ» አለች በቀስታ። «ይድናል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ሄዱ። የሌለው ሆቴል ችግር አያልቅበትም። አንድ ረቡዕ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሌላ ረቡዕ ወጥ ቤቶቹ ተኮራርፈዋል። ልጆቹ ደወል ተደውሎ ሲወጡ ሁለቱ መምህራን «ለሚቀጥለው ሳምንት እንዘጋጅ» ብለው ይቀራሉ። መዘጋጀት ማለት አንዳንዴ ዝም ብሎ መተያየት ነው። ዝምታቸው ግን የዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ ከከተማው የመብራት ኃይል ሲሶውን የሚፈጀው እነሱ ዝም ሲሉ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ትልቁ ዜና መጣ። አስቀድመው መምህራኑ ይጎበኛኛሉ፤ ቀጥሎም ተማሪዎቹ አገር ለአገር ይለዋወጣሉ። ልጆቹ የፓስፖርት ፎቶ ተነሱ። እናቶች ሻንጣ ተዋዋሱ። የእህቴ ልጅ ግን ሻንጣ ትቶ ጣውላ ገዛ።

መዶሻ ይዞ አያውቅም። እናቱ፣ ማለትም እህቴ፣ ጓሮ ወጥታ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ መቀመጫ አጥተህ ነው?»

«አይ እማዬ፣ ወንበር ልሠራ ነው።»

«ቤት ሙሉ ወንበር እያለ?»

«ይኼ ለደንበኛ ነው።»

«ደንበኛዋ ቆንጆ ናት?»

ምስማሩ ተጣመመ።

«እንግዲያስ መደገፊያውን ሰፋ አድርገው» ብላው ገባች።

እንግዲህ ጉልበቱን ልንገራችሁ። አንድ ደን ጨረሰ፤ ወፎቹ አቤቱታ አስገቡ። በመጨረሻ ግን አንድ ወንበር ቆመ። በጉዞው ቀን የአውሮፕላኑ ካፒቴን ወንበሩን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ፤ አንደኛ ማዕረግ፣ መስኮት ጥግ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት። የእህቴ ልጅ ከኋላ፣ መጸዳጃው አጠገብ ተቀመጠ።

እሷ በትምህርት ቤቷ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። በስክሪን ያላየው ነገር ቢኖር ቁመቷ ነው፤ አጭር ናት፤ ቀና ብላ ነው የምታየው። እሱ ወንበሩን በሁለት እጁ አቅፎ ቆመ።

«ይኼ ምንድነው?» አለች።

«ምትክ» አላት። «ለዚያኛው።»

ወንበሩን ከእጁ ተቀብላ መሬት አስቀመጠች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች። ወንበሩ ቀጭ አለ። ወደ ቀኝ ብትል ቀጭ፤ ወደ ግራ ብትል ቀጭ።

«የኋላ ግራው ነው» አለች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ያኔ ያመለከትኩት እኮ ይኼንኑ ነው! ቅሬታው ቀድሞ ደረሰ፣ ወንበሩ ዘገየ እንጂ!»

እሱም ሳቀ። ሳቃቸው ሳያበቃ ግን ከኋላቸው አንዲት ሴት ቆማለች፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የሽርክናው ዋና ተቆጣጣሪ ናት።

«ይህ ወንበር» አለች፣ «ከየት መጣ?»

ከሰዓት በኋላ መምህራኑና ሦስት ተቆጣጣሪዎች በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ወንበሩ መሃል ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ተከሳሽ ይመስላል። ዋናዋ ክፉ ሰው አይደለችም። መነጽሯን አወለቀች፣ አጠለቀች፣ ተነፈሰች።

«ስማኝ ልጄ። ወንበር የሚሸጥ ድርጅት፣ ወንበር ለሚገዛው ድርጅት እውነተኛ ወንበር አምጥቷል። ሕጉን ታውቃለህ። ልጆቹ ግን ፎቶ ተነስተው፣ ሻንጣ አሰናድተው እየጠበቁ ነው፤ ላሰናክላቸው አልፈልግም። ‹የግል ዕቃዬ ነው፣ ለማንም አላመጣሁትም› በል። ወደ ቤትህ ትመልሰዋለህ፤ ነገሩም እዚህ ያበቃል።»

እንዴት ያለ ጭንቅ ነው! ባይል የልጆቹ ጉዞ ቀረ፤ ሽርክናው ፈረሰ። ቢል ደግሞ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ «ለማንም» የሚለውን ቃል በጆሮዋ ትሰማዋለች። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

በዚህ ጊዜ የእህቴ ልጅ እንደ አንበሳ ተነሳ። አዳራሹ ውስጥ አሥር ሺህ ሰው ነበር፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ያ ዓይን አፋር ልጅ አፉን ሲከፍት መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

«እመቤቴ!» አለ። «ንግድ ዋጋ ይፈልጋል። እኔ ዋጋ አልጠየቅሁም፣ እሷም አልከፈለችም። ስለዚህ ንግድ አይደለም! ‹ለማንም› ማለት ግን ሐሰት ነው። ይህን ወንበር ያመጣሁት ለእሷ ነው። አንዴ ብትጠይቁኝ እንዲሁ እላለሁ፣ መቶ ጊዜ ብትጠይቁኝ እንዲሁ እላለሁ!»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ተናገረ። ዋናዋ ተቆጣጣሪ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሁለተኛው ተቆጣጣሪ እዚያው ስልክ አውጥቶ ከሃያ ዓመት በፊት ለተለያት እጮኛው ደወለ። ሦስተኛው ሥራውን ለቆ ግጥም መጻፍ ጀመረ። ቅሬታ ክፍል ደግሞ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት...

«ጋሼ።»

እዚህ ላይ ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ። የምጽፈው በእነሱ ቤት ነው፤ የእህቴ ልጅ ሚስት እዚያው ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ፈተና ታርም ነበር። ለካ ማረሟን ትታ በትከሻዬ በኩል ስታነብ ቆይታለች።

«አቤት የእኔ ልጅ?»

«ወንበሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች በቀስታ።

ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«የሆቴሉ ባለቤቶች የእሱ ተማሪዎች ነበሩ። ወንበር ሻጮቹ እኛ ነን። ቅሬታ ያቀረበው እሱ ነው፤ ሾርባውም የፈሰሰው እሱ ላይ ነው። ወንበር ተሸክሜ ወደዚህ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ካፒቴኑንም አላየሁት። ወንበሩን ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው የወረወሩት።» አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝ። መጋዝ ያለፈበት ጠባሳ አለው።

«ይሁን» አልኩ፣ «ንግግሩ ግን...»

«የምን ንግግር ጋሼ? እርስዎ የዚያን ዕለት አልነበሩም። አዳራሽ ሳይሆን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ስምንት ብንሆን ነው። ተቆጣጣሪዋ ‹ለማንም አላመጣሁትም በይ፤ ወንበሩንም ይዘሽ ተመለሺ› አለችኝ። ተማሪዎቼ አንድ ዓመት ሙሉ የጓጉለት ጉዞ ነው። ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቀና ብሎም አላየኝም። በልቤ ‹በቃ፣ አለቀ› አልኩ።»

«ታዲያስ?»

«መጥቶ ተቀመጠበት።»

«ወንበሩ ላይ?»

«አዎ። ‹ምን ማለትህ ነው?› ብትለው ዝም። ወንበሩ ቀጭ ይላል፣ እሱ ዝም። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። መጀመሪያ አንደኛው ተቆጣጣሪ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ዋናዋ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ‹ይኼማ ንግድ አይደለም› ብላ ወረቀቷን አጠፈች።»

ወደ ማድ ቤቱ ተመለከተች። የእህቴ ልጅ ሳህን እያጠበ ነው፤ ጆሮው ቀልቷል፤ ሁሉንም ይሰማል፤ አንድም ቃል አላስተባበለም።

«ሰው ሁሉ ወጣ» አለች ቀጥላ፣ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ። «እሱ አልተነሳም። ‹ተነስ እንጂ፣ አልቋል እኮ› አልኩት። ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ‹ከተነሳሁ ይወስዱታል› አለኝ።»