ያልተነበቡት ስምንት ገጾች

«ዝናቡ ግን አላባራም ነጠላ ሰረዝ እኛም መጠበቅ ሰለቸን አራት ነጥብ።»

ልጅቷ ይህን ያነበበችው በአፏ ብቻ ነበር። ልቧ ያለው ጭኗ ስር ከሸጎጠችው ስልክ ጋር ነው። ስልኩ ነዘር ባለ ቁጥር ድምፅዋ ለአፍታ ይቆረጣል፤ ከዚያ ያቆመችበትን መስመር በጣቷ ፈልጋ ትቀጥላለች።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ አያቷ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይሉ።

«ጉሮሮዬ ደርቆ ነው አባባ።»

አያቷ ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጥንቃቄ የሚጠይቅ መጽሐፍ ሲመጣ ማተሚያ ቤቱ እሳቸው ጋ ይልካል። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ተተይቦ የመጣውን በዓይኑ ይከተላል። ልጅቷ አንባቢያቸው የሆነችው ስምንት ዓመቷ ላይ ነው። ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር እየጠራች፣ አንዲት አራት ነጥብ እንኳ ስለማታሳልፍ «ነጥቤ» አሏት። በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ።

ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነበር ወንበሩ ላይ ጉብ የምትለው። ረጅም ቃል ሲያጋጥማት አያቷ «አኝከሽ ዋጪው» ይሏታል። አንድ ቀን ማዕድ ላይ ምላሷ ለምዶባት «ዳቦ አቀብሉኝ ነጠላ ሰረዝ ሻይም ጨምሩልኝ አራት ነጥብ» ብላ ቤተሰቡን በሳቅ አፍርሳዋለች። ጊዜው እንዴት እንደሚያልፍ አይታወቃትም ነበር። እናቷ መጥታ መብራት ስታበራላቸው ነው መምሸቱን የምታውቀው።

ያቺ ልጅ መቼ እንደጠፋች ነጥቤ ራሷ አታውቅም። የሆነ ቀን ተነሥታ የሄደች አይደለም። በትንሽ በትንሹ ነው የሄደችው።

አያቷ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጡና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። የዓይን ሞራቸውን ከተገፈፉ ወዲህ ብዙ ካዩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

«ስምንት ገጽ ቀርቶናል» አሉ። «አንቺው አስተያይተሽ ጨርሺው። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል። ደግሞ የመጨረሻው ደብተር ነውና አደራ።»

መጽሐፉ የአንዲት አዋላጅ ነርስ የሕይወት ታሪክ ነው። ሴትዮዋ በእርጅናዋ በአምስት ደብተር፣ በደቃቅ እጅ ጽሑፍ ነው የጻፈችው። ነጥቤ አምስተኛውን ደብተር ገለጠች። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ስልኩ ነዘረ።

የላከችው ጓደኛዋ «ሬዲዮ» ነበረች። አፏ ስለማያርፍ ነው ክፍሉ በሙሉ እንዲህ የሚጠራት። ስለ ሂሳብ አስተማሪያቸው አረማመድ አንዱ ቪዲዮ ሠርቶ፣ ክፍሉ ሁሉ እየተቀባበለ ይስቃል። ነጥቤም ሳቀች፣ መለሰች፣ ሌላ መጣ፣ ደግሞ መለሰች። አያቷ ከመኝታ ቤት ሲወጡ ወረቀቶቹ እንደነበሩ ናቸው።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አባባ። ምንም የለውም።»

አያቷ ደስ አላቸው። እያንዳንዱን ገጽ ግርጌው ላይ ፈረሙበት።  ነጥቤ ወደ መስኮቱ ዞረች። በማግስቱ እሑድ የማተሚያ ቤቱ መልእክተኛ መጥቶ ወረቀቱንና ደብተሮቹን ወሰደ።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ቦርሳዋን ስትከፍት አምስተኛው ደብተር እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። ቅዳሜ ከራሷ ደብተሮች ጋር ጠራርጋ ከታው ነበር። ደነገጠች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሬዲዮ።

ነጥቤ የሆነውን ነገረቻት። ሬዲዮ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አቦ ተዪው! ማን ሊያነበው ነው? ደግሞ ስህተት ላይኖረው ይችላል። ዝም ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ።»

«ላይኖረው ይችላል» አለች ነጥቤ። ቃሉ ግን አልዋጥ አላት።

ከክፍሉ ጀርባ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። መጀመሪያ እጇ በየሁለት መስመሩ ወደ ኪሷ እየሄደ አስቸገራት። አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበበችው። በአራተኛው ገባላት። ከዚያ ጎርፍ መጣ፤ ወንዙ ሞልቶ መንደሩ ሲሸሽ ሁለት ወጣት አዋላጆች ምጥ የያዛት ሴት ይዘው ጤና ጣቢያው ውስጥ ቀሩ። ነጥቤ ገጹን ገለበጠች። ውሃው በበሩ ስር ገባ። ሌላ ገጽ ገለበጠች።

«ጓደኛዬ እኔንና ምጥ የያዛትን ሴት ትታ አልሄደችም» ይላል ጽሑፉ። «ሰው ያወራው ግን፦ ትታ ሄደች። እስክትሞት ይህን ስም ተሸክማ ኖረች። እኔ ይህን ሁሉ ደብተር የሞላሁት ለአንዲት መስመር ስል ነው።»

ደወሉ ተደውሎ ኖሯል፤ ግቢው ጭር ብሏል። ስልኳን ስታየው አሥራ ዘጠኝ መልእክት ተከማችቷል። አንዱም ሲገባ አልሰማችም። ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ሞቅ አላት፤ ድሮ እናቷ መብራት ስታበራ እንደሚሰማት ያለ። ወዲያው ደግሞ ያላነበበቻቸው ስምንት ገጾች ትዝ አሏትና ሙቀቱ ጠፋ።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ጣቶቹ ቀለም የጠገቡ ሰውዬ ነው።

«ጋሼ፣ የአዋላጇን መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች አንዴ ልያቸው?»

«ተፈርሞበት አልቋል እኮ። ነገ ጠዋት ማሽን ላይ ይወጣል።»

«አንዴ ብቻ።»

ሰጣት። ደብተሩን ከወረቀቱ ጎን ዘርግታ በጣቷ ተከተለች። ስድስተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ። የተየበው ሰው ዓይን ከመጀመሪያው «ትታ» ወደ ሁለተኛው «ትታ» ዘሏል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ጓደኛዬ እኔንና ምጥ የያዛትን ሴት ትታ ሄደች።» ግርጌው ላይ የአያቷ ፊርማ አለ።

«ይቺን ብቻ ያስተካክሉልኝ» አለች። «አባባ ባያውቁ... ዓይናቸው ስላመማቸው...»

ኃላፊው መነጽሩን አውርዶ አያት። «የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት ስገባ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከፊርማቸው በላይ ያለ ፊደል ያለሳቸው አልነካም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ።»

አያቷ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ነጥቤ መንገዱን ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር እዚያ ስትደርስ ጥሏት ጠፋ።

«አባባ፣ ስምንቱን ገጽ አላነበብኩም። ስልክ እያየሁ ነበር። አንብቤያለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው። ደግሞ ስህተት አለው።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። የጠበቀችው ቁጣ አልመጣም።

«ምን ዓይነት ስህተት?»

ነገረቻቸው። አያቷ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ያዙ።

«ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ስህተቱ የኔ ነው።»

«አይደለም አባባ...»

«ኮቴን አቀብዪኝ።»

 መንገድ ሲያቋርጡ እንደ ልማዳቸው ክንዷን ያዙ፤ ከተሻገሩ በኋላም አልለቀቋትም።

ኃላፊው ጠረጴዛውን ጠርጎ ሁለት ወንበር ሳበላቸው። አያቷ ስምንቱን ገጾች ለይተው አወጡና መነጽራቸውን አደረጉ። ነጥቤ ሌሎቹን ወረቀቶች አየቻቸው። ቅዳሜ ስታነብ ድምፅዋ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ መጣባት። መስመሩን በጣቷ ስትፈልግ ያገኘችው ትክክለኛውን ይሁን ሌላ፣ እርግጠኛ አይደለችም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ተኩል ይላል።

እጇን ሰድዳ የወረቀቱን ክምር ወደ ራሷ ሳበችና አርባ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች።

«ከዚህ እንጀምር» አለች።

«ይህን እኮ አብረን አይተነዋል» አሉ አያቷ።

«እርስዎ አይተውታል። እኔ ሳነብ አልነበርኩም።»

 አያቷ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉና ማስመሪያውን ከመጀመሪያው መስመር ስር አስቀመጡ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ እነሱን አየ፣ ተነፈሰና ወደ ማሽን ክፍሉ ጮኸ፦

«ዛሬ እናመሻለን! አራተኛው ደብተር የት ነው ያለው? አምጡላቸው!»