በቀስቱ ላይ የሞተችው ዝንብ

የምነግራችሁ ነገር ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ከዋሸሁ የጋለውን የብየዳ ብረቴን በምላሴ ልቅመሰው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተጣልተን እስከ ዛሬ ያስታረቀን የለም፤ ስለዚህ ነገር የማሳመር ችሎታ የለኝም።

ያን ጊዜ ኮምፒውተር ሲባል ሰው የሚያየው በመስኮት ነበር። እኛ ግን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሆነን እንሰበሰብ ነበር። የሰበሰበን አንድ ኤዲተር ነው፤ ጽሑፍ የሚጻፍበትና የሚታረምበት ፕሮግራም። ዋጋው ባዶ። የሠራው ሰው፣ የማናውቀው የሩቅ ሰው፣ ገና ሲከፈት «ቅዱት፣ አባዙት፣ ለወዳጅ ስጡት፤ ስሜን ብቻ አትፋቁ» የሚል ጽፎበታል። አበድንለት። ከአራታችን አንዷ የሆነችው ታይፒስቷ በገዛ ሠርጓ ቀን ሙሽራውን አስቀምጣ ለሚዜው ስለ ኤዲተሩ ስታስረዳ ኬኩ ቀልጧል።

ኤዲተሩ ከመስመር ወደ መስመር የሚያስኬደው በፊደል ቁልፎች ነው፤ እጅ ከመሃል አይነሳም። በኪቦርዱ ቀኝ ጥግ ያሉትን አራት ባለ ቀስት ቁልፎች መንካት ለኛ ነውር ነበር። ሕጉን ያወጣው ሌላው ጓደኛችን፣ የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ስለ ኤዲተሩ ሲያወራ ምራቁ ስለሚረጭ ሰባኪው እንለዋለን። ቀስት የነካ ሰው የወሩን ብርጭቆ ያጥባል አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቀስት የነካ አልተገኘም። ብርጭቆዎቹም አልታጠቡም።

አራተኛው ሰው አዳዩ ነበር። ኤዲተሩን በፍሎፒ ዲስክ እየቀዳ ላገኘው ሁሉ ስለሚያድል ነው ስሙ። ቅዳሜ ጠዋት ታይፒስቷ በሩን ስትከፍት አዳዩ ወንበሩ ሥር ተጠቅልሎ፣ ያስመለሰው ጉንጩ ላይ ደርቆ ሞቶ አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ጉንዳን ገብቶበት እዚያው አልቋል። ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ነበር፦ «የሰው ሥራ ሰርቄ የኔ ነው ብያለሁ። ውርደቱን አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ።»

የፖሊስ ሻምበሏ ጉንፋን ይዟቸው መጡ። አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ በየደቂቃው የሚያስነጥሱ ሴት ናቸው። ብርጭቆውን አሸተቱና የአይጥ መርዝ ነው አሉ። ሐኪማቸውም ሰውዬው አርብ ከሰዓት መሞቱን ነገራቸው። የክፍሏ መክፈቻ በአራታችንም እጅ ነበር፤ አርብ ከሰዓት የት እንደነበርን ጠየቁን፤ ሦስታችንም ብቻችንን ነበርን።

የአዳዩ ታላቅ እህት ደረሰች። አላለቀሰችም። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችና ሻምበሏን ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«እናታችን ስትሞት እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ራሱን ገደለ ካላችሁኝ እችለዋለሁ። ሌባ ተብሎ ግን አይቀበርብኝም። ቀብሩ ሰኞ ነው፤ እስከ ሰኞ ንገሩኝ።»

«እስከ ማታ እነግርሻለሁ፣ እህቴ» አሉ ሻምበሏ። ከዚያ አስነጠሱና ወደኛ ዞሩ። «መሐረብ ያለው?»

ታይፒስቷ የወረቀት ቁራጭ ሰጠቻቸው። እኔ እጅጌዬን ዘረጋሁ፤ ተጸየፉኝ። ሰባኪው ኪሶቹን ዳበሰና ቤት ረስቼው መጣሁ አለ። ገረመኝ። ያ ሰው እኮ በኛ እድፍ እየተንገሸገሸ፣ በነጭ መሐረብ እያንዳንዱን ፊደል ሳይጠርግ ጽፎ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ደግሞ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾሞ፣ ንጽሕናው ብሶበት ነበር።

ሻምበሏ ኪቦርዱ ላይ አጎነበሱ። ባያጎነብሱ ይሻላቸው ነበር። መሃሉ ከጣት ብዛት ያብለጨልጫል። ቀኝ ጥጉ ግን ሌላ አገር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አዳዩ ማር ደፍቶበት፣ ማሩ ላይ አቧራ፣ አቧራው ላይ የጺም ፀጉር፣ ፀጉሩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ተጋግሮበት ቡናማ ቅርፊት ሠርቷል። ወደ ላይ በሚያመለክተው ቀስት ላይ ደግሞ አንዲት ዝንብ ተጣብቃ ሞታ ነበር። ዘበኛችን እንላታለን።

«እነዚህ ሁለት እግሮች የምን ናቸው?» አሉኝ።

«የዘበኛችን ነበሩ።» ጠጋ ብዬ አየሁ። አካሏ የለም። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ የጣት ምልክት ወጥቶበታል። 

«ሙሉ ሆና ያየሃት መቼ ነው?»

«ሐሙስ። ሰላም ብያታለሁ።»

የምቀልድ መስሏቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ እውነቴን ነበር።

ከዚያ ሻምበሏ ሁለት ቦታ ሄዱ። መጀመሪያ የፎቶ ኮፒ ቤቱ መጸዳጃ ቤት ገብተው የቆሻሻውን ቅርጫት በገዛ እጃቸው ገለበጡ፤ ውስጡ የነበረውን ዘርዝሬ ምሳችሁን አላበላሽባችሁም። ቀጥለው ሰባኪው ወደ ተሾመበት መሥሪያ ቤት ሄዱ። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሰው ሁላችንንም፣ እህትየዋንም ጨምረው በዚያች ክፍል ሰበሰቡን። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ንጹሕ ኪቦርድ ተውሰው ማሽኑ ላይ ሰክተዋል። ስክሪኑ ላይ የቀብሩ ማስታወቂያ አለ።

«እህቱ ናት ያጻፈችኝ» አሉ። «ቀኑን እሑድ ብዬ ተሳስቻለሁ፤ ሰኞ ነው። በየተራ እየተቀመጣችሁ አርሙልኝ፤ ያረማችሁትን እመልሰዋለሁ። ቶሎ በሉ፣ ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ነው።»

ታይፒስቷ ተቀመጠች፤ እያለቀሰች እንኳ ጣቶቿ ከመሃል አልተነሱም። ቀጥሎ እኔ ተቀመጥኩና እንደ ውሃ አስኬድኩት። ሰባኪው ተቀመጠ። ሻምበሏ ሰዓታቸውን አዩ። የሰባኪው ቀኝ እጅ እንደ ለመደ ፈረስ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጥጉ ሄደ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ። ሲነቃ ሁላችንም እጁን እያየን ነበር።



«ቀስት መንካት ወንጀል አይደለም» አሉ ሻምበሏ። «እኔም ብሆን እነካለሁ። ግን አዳዩ አይነካም፤ ቅርፊቱ ምስክር ነው። ማስታወሻውን የጻፈው ሰው ተሳስቶ ሊያርም ሲመለስ ልማዱ ወደ ጥጉ ወሰደው። ቅርፊቱን ሰበረ፣ ዝንቧን ረገጠ፣ እጁ ተጨማለቀ። ታዲያ እድፍ የማይችል ሰው በምን ይጠርጋል?»

ከመጸዳጃ ቤቱ ቅርጫት ያገኙትን ነጭ መሐረብ ከወረቀት ከረጢት ውስጥ አወጡ። ነጭ ነበር ማለት ነው። ቡናማ ማር፣ ሦስት ፀጉር፣ አንድ የዝንብ ክንፍ። ጥጉ ላይ የጥልፍ ምልክቱ አለ፤ ሚስቱ የጠለፈችለት። ታይፒስቷ አፏን ይዛ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

«ለምን እገድለዋለሁ?» አለ ሰባኪው። 

«መሥሪያ ቤትህ ሄጄ ነበር። ኃላፊያችን ራሱ የሠራው ኤዲተር ነው ብለው እየኮሩ ከፈቱልኝ። ይሄው ኤዲተር ነው። የሠሪው ስም ተፍቆ ያንተ ገብቶበታል፤ የተሾምከውም በሱ ነው። ሐሙስ ዕለት የተበላሸ ማሽን ሊያይ አዳዩ እዚያ ሄዶ አይቶታል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ስትሰበሰቡ ለጓደኞቹ ሊናገር ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ማስታወሻው ላይ ሌላ ውሸት መፍጠር አልቻልክም። የገዛ ሥራህን ጽፈህ በሱ ስም ተውከው።»

ሰባኪው ወለሉን እያየ ተናገረ። አርብ ሻይ ይዞ መጥቶ እንደለመነው፣ አንድ ስም ብቻ ነው የፋቅኩት እንዳለው፣ አዳዩም ሻዩን እየጠጣ ስሙን መልሰህ ጻፈውና እድፉ ይለቅልህ እንዳለው። ይቅርታ እያደረገለት ነው የሞተው። ይህን ስሰማ ከቅርጫቱም፣ ከብርጭቆውም፣ ከዝንቧም በላይ ሰውየው ቀፈፈኝ።

«ሦስት ዓመት ቀስት አትንኩ ስትለን፣ አንተ ቤትህ...» ታይፒስቷ አልጨረሰችውም።

«ቤቴ በገዛሁት ፕሮግራም ነው የምጽፈው» አለ። «ይሄኛው ያስቸግረኛል።»

እህትየዋ ተነሳች። «ወንድሜ ምንም አልሰረቀም በሉልኝ። ውጪ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብላችሁ።»

ሻምበሏ በሩን ከፈቱ። ደጅ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሟል። ጉንፋናቸው እስኪጠፋ ጮክ ብለው አሉላት። እህትየዋ ያን ጊዜ ድፍት ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች፤ አጥባ መለሰቻቸው። መስታወት መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅነው።

ይኸው ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ። ተራዬ ሲደርስ እንደ ውሃ አስኬድኩት ያልኳችሁ ፈጠራ ነው። አልተቀመጥኩም። ብረት ጣቴን አቃጥሎኛል አልኩ። ሻምበሏ ምንም ያልሆነውን ጣቴን አገላብጠው አዩና ጆሮዬ ሥር «አንተን ያተረፈህ መሐረብ ይዘህ አለማወቅህ ነው» አሉኝ።

ኤዲተሩን ዛሬም ላገኘሁት ሁሉ አድላለሁ። ይህንንም የጻፍኩት በሱ ነው፤ በቀስት እየሄድኩ።