የእብነ በረዱ ሁለተኛ ዓይን

ተረት ነው የምትሉ በሉ፤ እኔ ግን የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ዘመኑ 1878 ዓ.ም.፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ ቦታው አንኮበር፣ ሰዓቱም ከጧቱ አንድ ሰዓት ነበር።

ጨለማ ቢሆን ኖሮ ሠዓሊ ወልደአረጋይ ዓይኔ ነው ያታለለኝ ባለ ነበር። ግን ፀሐይ ወጥታ ነበር...

ወልደአረጋይ የቅዱሳን ሥዕል ሠዓሊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው አንድ ነገር ቢኖር፣ አዲስ የሚሠራውን የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መሳል ነው። ለካህናቱ ማሳያ ብሎ ክረምቱን ሙሉ ደክሞ ጊዮርጊስን በጣውላ ላይ ስሏል።

ቤተ ክርስቲያኑን የሚያሠሩት ወይዘሮ ወለተሐና ግን መጀመሪያ ሌላ ሥራ አዘዙት። ነጋዴው ዘይኑልአቢዲን ከአሊዩ አምባ ገበያ ያመጣላቸውን የእብነ በረድ ቁራጭ በእጁ አስያዙትና፣

«የእልፍኜን ግድግዳ ይህን አስመስልልኝ። ካማረኝ የጊዮርጊስ ግድግዳ ያንተ ነው» አሉት።

ቀላል መስሎት ነበር።

የጣውላውን ሥዕል በነጠላ ጠቅልሎ ከእልፍኙ ጥግ አስቀመጠና ሥራ ጀመረ። ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቀለቀ። ጥቀርሻ በእንቁላል በጠበጠ። የድንጋዩን ደም ሥር በዶሮ ላባ ጫፍ እየጎተተ ሳለ።

«ይህ የተሰነጠቀ ጭቃ ነው» አሉ ወይዘሮዋ።

አጥፍቶ እንደገና ሠራው።

«ይህ ደግሞ የሸረሪት ድር።»

ሦስተኛውንም አልወደዱትም። እሳቸው ሲወጡ ወልደአረጋይ ንዴቱን መቻል አቃተው። ሠላሳ ዓመት መላእክትን የሳለ እጅ፣ አንድ ድንጋይ ያቅተው? ላባውን ጥቀርሻው ውስጥ ነከረና ግድግዳውን ወጋው።

አንዲት ጥቁር ነጥብ ቀረች።

በማግስቱ ጧት ሲገባ ነጥቧ ዓይን ሆናለች... ከበላይዋ ያለው መስመር ግንባር፣ ከበታቿ ያለው አፍንጫና ከንፈር። ከጎኑ የሚታይ ፊት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ የሚሳለው ፊት ለፊት ነው፤ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ሰይጣን ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሳለው። ይህን ከወልደአረጋይ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ፊቱን በነጭ አፈር ሸፈነው።

በማግስቱ ጧት ተመልሶ መጥቷል። አፍንጫው ግን እንደ ትናንቱ አይደለም... ትንሽ ወደ እሱ ዞሯል።

በቢላዋ እስከ ጭቃው ድረስ ፋቀው፤ እንደገና ለቀለቀው። ጾም መሆኑን ረስቶ ግድግዳውን ተሳደበ፤ ላባውን ተሳደበ፤ ያንን ቁራጭ ድንጋይ ያመጣውንም ነጋዴ አልማረውም።

በሦስተኛው ጧት የሁለተኛው ዓይን ጠርዝ ብቅ ብሏል።

ወይዘሮዋን ጠራቸው።

«እመቤቴ፣ እዚህ ጋ ይመልከቱ» አላቸው በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ፊቱን...»

«የምን ፊት? ድንጋይ ነው እኮ። ገና አሁን ድንጋይ መሰለ። ከእንግዲህ እንዳትነካው።»

ቢያጠፋው የጊዮርጊስ ግድግዳ ይቀርበታል። ያን ሁሉ ዓመት የተመኘው ይቀርበታል። ወልደአረጋይ ግድግዳውን አየ፣ እሳቸውን አየ።

«እሺ» አለ።

በነጋታው፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ አርፋ ነበር። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ዞሯል።

ሁለት ዓይን... ልክ እንደ ጻድቅ።

«ግሩም ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተሐና ከኋላው። «ካህናቱ ሥዕልህን ሊያዩ ደጅ ደርሰዋል። በል፣ ጊዮርጊስን አውጣው።»

ወደ ጥጉ ሄደ። ነጠላውን ገለጠ።

ፈረሱ አለ። ጦሩ አለ። ዘንዶው አለ።

ጊዮርጊስ ግን በጎኑ ዞሯል... የቀረው አንድ ዓይን ብቻ ነው።

የሚያየውም ዘንዶውን አልነበረም። ግድግዳውን ነበር።