አስር ሰዓት ሲል የሚመጣው

ከራሴ ፈጥሬ እንደማላወራ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ባይደርስብኝ ምን ነበረበት...

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት። ጨለማ የለም። ፀሐዩ ዓይን ይወጋል።

ሥራዬ አየር መለካት ነው። ከተማው ዳር ያለ ሜዳ ላይ የአደገኛ ቆሻሻ ማቃጠያ ሊሠራ ታስቧል። የሆስፒታል ቆሻሻ፣ የፋብሪካ ዝቃጭ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት... ሁሉም እዚያ ሊነድ። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የአካባቢው አየር ዛሬ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ለክቶ መፈረም የኔ ድርሻ ነበር።

ሜዳው ላይ አራት ችካልና ገመድ ብቻ ነው ያለው።

ሌላ ምንም።

መለኪያውን ያቆምኩት ከሜዳው ማዶ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ታላቄ ናት፤ እሷ ናት ያሳደገችኝ። ከአስራ አንድ ዓመት ልመና በኋላ አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

የዚያን ቀን ማጣሪያውን ልቀይር መለኪያውን ከፈትኩት።

ነጭ መሆን የነበረበት ወረቀት... ጥቁር ሆኗል።

በጣቴ ነካሁት። ይሞቃል።

«እትዬ፣ እሳት አንድዳችሁ ነበር?»

«ኧረ ማንም አላነደደም።» ከገመድ ላይ ያወረደችውን ነጭ አንሶላ አራገፈችው። አመድ ቡን አለ። «ያው የሱ ነዋ።»

«የማን?»

በአገጯ ወደ ባዶው ሜዳ አመለከተችኝ። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አስር ሰዓት ሲል ይመጣል። አንቺ አይሸትሽም እንዴ፣ ሚጢ?»

አልሸተተኝም። በሳቅ ላልፈው ሞከርኩ... ማጣሪያውን ግን አሽጌ ያንኑ ቀን ወደ ላቦራቶሪ ላክሁት።

በማግስቱ የላቦራቶሪው ባለሙያ ደወለልኝ። ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«መለኪያውን የት ነው ያቆምሽው?»

«ሰው ግቢ ውስጥ። ምነው?»



«ይሄ የማገዶ አመድ አይደለም። ፕላስቲክ፣ መድኃኒት፣ ብረታ ብረት... አንድ ላይ የነደደ ነው። እንዲህ ዓይነቱን የማየው ከማቃጠያ ጭስ ማውጫ ሲመጣልኝ ብቻ ነው።»

«ማቃጠያው እኮ ገና አልተሠራም።»

«አውቃለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ለሱ ነው የደወልኩልሽ።»

ውጤቱን ይዤ የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ያልተሠራ ቤት ጣሪያው አፈሰሰ እያልሽኝ ነው?»

«ቢያንስ እንደገና እንለካ፣ እባክዎ...»

«ለኪ። ከዚያ የመሣሪያ ብልሽት ብለሽ ጻፊ። አለዚያ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። እሱ ሜዳውን ሳያየው ይፈርማል።»

ሁለተኛ መለኪያ አቆምኩ። ሦስተኛ ጨመርኩ፤ አዲስ፣ ከካርቶን የወጣ።

ሁሉም ጠቆሩ።

እትዬ እኔ ጋ እንድትገባ ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅኩ። «ቤቴን ጥዬ የት አባቴ ልሂድ?» ብላ ሳል ወጠራት። ሳሏ በየቀኑ ይብስ ነበር።

ያላንኳኳሁት በር የለም። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «እሺ፣ ጭሱ ከየት መጣ?»



ሰኞ፣ አስር ሰዓት ሊል ሲል... ፈረምኩ። «የመሣሪያ ብልሽት»። እኔ ከፈረምኩ ቢያንስ ክትትሉ በእጄ ይቆያል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እስክሪብቶውን ሳላስቀምጥ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት።

«ሚጢ...» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ፈረምሽ እንዴ?»

ለማንም አልነገርኩም ነበር።

«ማን ነገረሽ?»

«ሜዳው ላይ ቆመ እኮ...»

ስልኩ ተቋረጠ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቷል። ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ሁሉም አፍንጫቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ።

እትዬ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በሯ ላይ ቆማለች። እጇን ያዝኩት። በዚያ ፀሐይ በረዶ ሆኗል።

«እንሂድ። አሁኑኑ።»

«እንዳትረግጪው...» አለችኝ በሹክሹክታ።

ወደ ታች አየሁ።

ከባዶው ሜዳ የተነሳ ረጅም ጥላ መንገዱን አቋርጦ እግራችን ሥር ደርሷል። እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ያለ፣ ወፍራም።

ቀና አልኩ።

አራት ችካል። ገመድ። ጥርት ያለ ሰማይ።

መልሼ ወደ ታች ሳይ... ከጥላው ጫፍ የጭስ ጥላ እየተትጎለጎለ፣ በእትዬ ቀሚስ ላይ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።