ከማመልከቻው የተሰረዘው ስም

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም.፣ በወርኃ ጥር፣ ከሰሜን የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችውን የምዕራብ አፍሪካ የወደብ ከተማ፣ ሴኮንዲን፣ በአቧራ ሸፍኖ ባሕሩን ከዓይን በሰወረበት ሰሞን፣ ነርሷ አራባ ቤንትሲል በከተማው ሆስፒታል፣ በወላዶች ክፍል፣ ሥራ ከጀመረች ሃያኛ ዓመቷን ያዘች፤ ከእንግሊዝ አገር የሚመጡትን ወጣት ሲስተሮች ሥራ የምታስለምደው እርሷ ነበረች፤ እነርሱም በለመዱ ማግስት አለቆቿ ይሆናሉ፤ በዚያ ሆስፒታል የሲስተርነት፣ ማለትም የክፍል ኃላፊነት፣ ማዕረግ ለአገሬው ሴት ተሰጥቶ አያውቅምና። አራባም የአገሬው ነርሶች ሠልጥነውና ተፈትነው በማዕረግ እንዲያድጉ የሚጠይቅ ማመልከቻ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ሹም ጻፈች፤ አርባ ነርሶች ከስሟ ሥር ፈረሙ።

ማመልከቻው ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኤኩዋ የተባለች ዓሣ ሻጭ በቀትር ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ለምሳ በወጣችው ሲስተር ኪስ ነበር፤ አራባ የቁም ሣጥኑን መስተዋት በክርኗ ሰብራ ደም የሚያቆመውን መርፌ ወጋቻት፤ ኤኩዋም ተረፈች። የነርሶቹ ሁሉ የበላይ የሆነችው ሜትሮን ግን የአራባን ስም በጥፋት መዝገብ አሰፈረች።

በሦስተኛው ቀን ማንሳ አኮን፣ አራባ ያሠለጠነቻት ነርስ፣ ማመልከቻውን ይዛ ቤቷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አንቲ አራባ፣» አለች፣ ታላቅ ሴት በአክብሮት እንደምትጠራበት፣ «እንዴት ብዬ ልንገርሽ…»

«ምን ያንተባትብሻል? ትኩስ የበቆሎ ኬንኬ ጎርሰሻል እንዴ?»

«የሹሙ ጸሐፊ፣ ጥፋተኛ ከላይ የፈረመችበትን ወረቀት ሹሙ ፊት አላቀርብም አለ። እኛም ማመልከቻው ይቅር ብለናል። ያላንቺማ አይሆንም!»

«እናንተም እንደኔ በዚሁ ደረጃ ልታረጁ? በይ ብዕሩን አቀብዪኝ።»

«አንቲ፣ በሞቴ…»

«አቀብዪኝ አልኩሽ!»

ስሟን በገዛ እጇ ሰረዘች፤ እንዳይነበብም መስመሩን ደገመችው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ማመልከቻው የጠየቀው ደንብ ወጣ፤ በጥፋት መዝገብ ስሟ የሰፈረ ግን ለፈተናው አትቀርብም ይላል። ማንሳ ከአገሬው ሴቶች የመጀመሪያዋ ሲስተር ሆና ወደ ክፍሉ በገባችበት ጠዋት፣ አራባ እንደ ሥርዓቱ ከአልጋ ግርጌ ቆማ ጠበቀቻት።

«ደኅና አደሩ፣ ሲስተር።»

«ኧረ አንቲ፣ አንቺ በይኝ!»

«ሕሙማኑ እየሰሙ? አይሆንም።»

ከዚያ አራባ አንሶላ ከሚቀመጥበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የጠየቃት አልነበረም።

አራባ ጡረታ የወጣችው በተቀጠረችበት ደረጃ ነው። የደንቡ ታሪክ በተጻፈ ጊዜ፣ የፈረመው ሹም፣ ያቀረበው ጸሐፊና የተሾመችው ሲስተር ሁሉም በየስማቸው ተወሱ፤ ስለ አራባ የቀረው ጽሑፍ ያ የጥፋት መዝገብ ብቻ ነው፤ እርሱም መስተዋት ሰበረች ይላል እንጂ፣ ሴትዮዋ ተረፈች አይልም።